ዓይኑ ላቦራቶሪ፣ አንጀቱ ብረት

ሌላው ሰው በማይክሮስኮፕ የሚያየውን የአዲስ አበባ ካምፐር በባዶ ዓይኑ ያየዋል። ጃርዲያ ውሃ ውስጥ በቅርፊቱ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ መጠኑ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ያህል ስለሆነ፣ ምስኪኑ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናሙና አዘጋጅቶ፣ ሌንሱን አስተካክሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈልገዋል። የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ አይገባም። ወንዙ ዳር ቁጢጥ ይላል፣ በመዳፉ ይጨልፋል፣ ወደ ፀሐይ ከፍ ያደርግና «ኮለል ያለ ነው!» ይላል። ውጤቱ ደረሰ። ወረፋ የለ፣ ክፍያ የለ።

ይህን ችሎታውን ከተማ ውስጥ ለምን እንደሚደብቀው አይገባኝም። አዲስ አበባ ሳለ ሬስቶራንት ተቀምጦ የታሸገ ውሃ ሲቀርብለት፣ ክዳኑ እፊቱ «ቀጭ» ብሎ ካልተከፈተ አይቀምስም። «ይሄ የተነካካ ይመስላል፣ ቀይሪልኝ» እያለ አስተናጋጇን ያመላልሳል። የቧንቧ ውሃ ለእሱ ለገላና ለአበባ ነው። ያው ሰው ስሜን ተራሮች ገብቶ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የግጭ ካምፕ ደርሶ ድንኳኑን ሲተክል፣ ክዳን የሌለውን፣ ከላይ ማን እንደነካካው የማይታወቀውን ወራጅ ውሃ በሁለት እጁ ይቀበላል። ደግሞም ቪዲዮ እየተቀረጸ ነው።

ጠመንጃ ያነገቱት የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ አይተው ዝም ማለት አልሆነላቸውም።

«ኧረ ተው ልጄ፣ ከላይ እኮ ከብት ይውልበታል።»

«አይ ጋሼ፣ ይሄ ወራጅ ነው፤ ወራጅ ውሃ ራሱን በራሱ ያጸዳል። እርስዎም ይሞክሩት!»

ስካውቱ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እሳቱ ተመለሱ። እዚያው አገር ተወልደው ያደጉት ሰውዬ የሚጠጡት በጭስ በጠቆረ ማንቆርቆሪያ የተንተከተከ ሻይ ነው። ምን ይደረግ፣ እንደ ከተማ ሰው ተፈጥሮን አያውቋትም።

የወራጅ ውሃ ነገር ከተነሳ የጠዋቱን ሥርዓት ሳላወድስ ማለፍ አልችልም። ገና ሲነጋጋ ቡድኑ አንድ በአንድ «ዞር ብዬ ልምጣ» ማለት ይጀምራል። ወዴት ነው የሚዞረው? ከለላ ወዳለበት ነዋ። ሜዳው ራቁቱን ስለሆነ ከለላው ያለው ወንዙን ይዞ ከፍ ሲሉ ነው። የሙያው ሰዎች ከውሃ ቢያንስ 60 ሜትር ያህል ራቁ፣ ቆፍራችሁ ቅበሩ ይላሉ። በዚያ ብርድና በዚያ ጥድፊያ 60 ሜትር የሚሄድ ማን ነው? መቆፈሪያስ ማን ያዘ? ስፒከሩ ራሱ ኪሎ አለው። ረፋድ ላይ እነዚያው ሰዎች ካደሩበት ወረድ ይሉና ሃይላንዳቸውን እየተቀባበሉ ይሞላሉ። እኛ ማኅበር መጠጣት የምናውቀው በጠላና በጠበል ጸዲቅ ነበር፤ እነሱ አንድ ደረጃ አሳድገውታል።

ካርቶን ሙሉ የታሸገ ውሃ በበቅሎ አስጭኖ ወጥቶ፣ ባዶውን ፕላስቲክ ለጭላዳ አውርሶ የሚመለስም አለ። እሱ ሌላ ውዳሴ ይገባዋል፣ ለሌላ ቀን ይቆየን።

አልፎ አልፎ ከመካከላቸው ፈሪ አይጠፋም። «ለምን አናፈላውም?» ይላል። ወዲያው ሸንጎ ይቀመጣል። ጋዙ የተያዘው ለፓስታው ነው ይባላል። ከዚያ አንድ የተማረ ይነሳና ክርክሩን ይዘጋዋል፦ «እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ አካባቢ ነው። መቶ ስለማይደርስ ማፍላት ዋጋ የለውም።» ዕውቀቱን አደንቃለሁ፤ የዓረፍተ ነገሩ የመጀመሪያ ግማሽ ልክ ነው። ችግሩ ጃርዲያም፣ አሜባም፣ የታይፎይድ ባክቴሪያም ፊዚክስ ስላልተማሩ መቶ ዲግሪን ሳይጠብቁ መሞታቸው ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ ሰው የሚመከረው፣ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ነው። 3 ደቂቃ ሙሉ! በዚያ ጊዜ ስንት ሰልፊ ይነሳል።

የአረቄው ወገን ደግሞ ሸንጎ አያስፈልገውም። አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ ክዳን አረቄ ጠብ ያደርግና «አለቀለት፣ ይገድለዋል» ይላል። እስቲ ለአረቄው እናዳላና እናስላ። ክዳኑ 10 ሚሊ ሊትር ይያዝ፣ አረቄውም ግማሽ በግማሽ አልኮል ይሁን። ሊትሩ ውስጥ የገባው አልኮል ግማሽ ፐርሰንት አይሞላም። እጃችንን የምናሻሽበት ሳኒታይዘር 70 ፐርሰንት ገደማ ነው። ተውሳኩ አይሞትም፤ ትንሽ ሞቅ ቢለው ነው። ሎሚ የሚያንጠባጥብም፣ ፌጦ ቋጥሮ የሚመጣም፣ «ነጭ ሽንኩርት የበላሁበት አንጀት ማንንም አያስገባም» የሚልም አለ። በአንድ ድንኳን ውስጥ ይህን ያህል ሐኪም ተሰብስቦ ማየት ያኮራል።

የቡድኑ መኳንንት ግን ከአሜሪካ ዘመድ የላከለት የውሃ ማጣሪያ ያለው ሰው ነው። አንገቱ ላይ እንደ ማተብ ያንጠለጥለዋል፤ ጠጥቶበትም ይሁን ሳይጠጣበት ይጠብቀዋል ብሎ ያምናል። ዕቃው በእርግጥ ጥሩ ነው፤ ጃርዲያንና ባክቴሪያን ያስቀራል። ነገር ግን ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች አንዴ ከረጠቡ በኋላ በረዶ ከሠሩ ይሰነጠቃሉ። ጥቅምት ካለቀ በኋላ ደግሞ የግጭ ሌሊት ከዜሮ በታች መውረድ አይከብደውም። ጌታው ማጣሪያውን ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ይዞት እንደማደር፣ እንዲናፈስ ብሎ ድንኳኑ በር ላይ ይሰቅለዋል። ጠዋት አፉን ገጥሞ ሲስብ ውሃው ከትናንቱ ይልቅ ፈጠን ብሎ ይመጣለታል። «ዛሬ እንዴት ነው የሚስበው ባካችሁ!» ብሎ ለጓደኞቹም ያቀምሳቸዋል። ቸርነቱ አይረሳም።

«ውሃ አጋር» የሚባል ክሎሪን እንዳለ ለእነዚህ ሰዎች መንገር ድፍረት ነው። መያዣው ላይ በተጻፈው መጠን ጀሪካኑ ውስጥ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ጀግናችን ግን ኢነርጂ ድሪንኩን እየከፈተ «እኔ ኬሚካል ሰውነቴ ውስጥ አላስገባም» ይላል። በአንድ በኩል አልተሳሳተም፤ ክሎሪን ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን የአንጀት ተውሳክ አይበግረውም፤ ጃርዲያም ቢሆን ቶሎ እጅ አይሰጥለትም። ለሁለቱም የሚበጀው ያው ማፍላት ነው። ማፍላት ደግሞ፣ ቅድም እንደተወሰነው፣ ፓስታውን ይጎዳል።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን የጃርዲያን ጨዋነት ነው። ያስተናገደውን ሰው ጓደኞቹ ፊት አያዋርድም። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይታገሣል። አዲስ አበባ ድረስ አብሮት ይመጣል፣ ፎቶውን እስኪለጥፍ ይጠብቀዋል፣ ከፎቶው ሥር «ንጹህ አየር፣ ንጹህ ውሃ፣ ንጹህ ልብ» ብሎ እስኪጽፍ ዕድል ይሰጠዋል። ከዚያ አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ የሩብ ዓመቱን ዕቅድ ሲያብራሩ፣ በዚያ ጸጥታ መካከል፣ ሆዱ ንግግር ይጀምራል። ይነፋዋል፣ ይቆርጠዋል፣ የከረመ እንቁላል የሚሸት ግሳት ይመጣበታል። አጠገቡ ያለችው ልጅ ወንበሯን ሳብ ታደርጋለች።

ታዲያ ማን ይጠየቃል? ትናንት ቢሮው አጠገብ የበላው ሽሮ ነዋ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ባለ ሽሮዋ ሴትዮ ሳታውቀው አንድ ቢሮ ሙሉ ደንበኛ ትከስራለች። ክሊኒክ ሄዶ «ጃርዲያ ነው» ሲባልም ወንዙ ትዝ አይለውም፤ ሁለት ሳምንት ያለፈው ወንዝ የፎቶ እንጂ የሕመም ታሪክ አይደለም። ሐኪሙ «ያልተጣራ ውሃ ጠጥተሃል?» ብለው ሲጠይቁት ከልቡ ይገረማል። «እኔ? እኔ እኮ የታሸገ እንጂ አልጠጣም!» መድኃኒቱን ይጀምራል፣ ሻል ሲለው ያቋርጠዋል፣ የተረፈውን ፍሬ ለሚቀጥለው የሽሮ አደጋ መሳቢያ ውስጥ ያኖረዋል።

ያገገመ ዕለት ማታ በቴሌግራም ማስታወቂያ ይወጣል። «ቅዳሜ ወደ ወንጪ! መነሻ ሌሊት 11 ሰዓት፣ ማርፈድ ክልክል ነው። ይዛችሁ የምትመጡት፦ ወፍራም ጃኬት፣ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ለፎቶ የሚሆን ኮፍያ። ስፒከር በእኛ።»

አንዷ አዲስ ገቢ ከሥር «ውሃስ?» ብላ ትጽፋለች።

«አይዞሽ እህቴ፣ እዛ ሞልቷል፤ ያውም ኮለል ያለ!»

ሰዉ በልብ ምልክት አጽድቆታል።