«አልመጣለትም» የምትለው ቃል

ጥር 2015 ላይ እህቴ ከደሴ ደወለች። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ገና እኩለ ሌሊት ነው። በዚህ ሰዓት ከአገር ቤት ስልክ ሲመጣ ሰው የሞተ ስለሚመስለን ደንግጬ አነሳሁት። የሞተ ሰው የለም። የልጇ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ነው የመጣው። «አልመጣለትም» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ያን ዓመት ያልመጣለት እሱ ብቻ አልነበረም። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተሰጠበት ዓመት ነው። ወደ 900,000 ከሚጠጋው ተፈታኝ ከጠቅላላው ነጥብ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። ሰፈር ሙሉ፣ ከተማ ሙሉ ልጅ ነው አብሮ የወደቀው። እንዲያም ሆኖ እህቴ ሁለት ወር ዕድር አልሄደችም። ጎረቤት ቡና ሲጠራት «ራሴን አሞኛል» ትል ነበር። «ልጅሽ ስንት አመጣ?» የምትለዋን ጥያቄ ፈርታ ነው። ልጁ ደግሞ ስልክ ማንሳት ተወ።

እኔ በዚህ አገር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት፣ ሆኜ ሽማግሌ አገላብጫለሁ፤ ደብል፣ ሁለት ፈረቃ አከታትዬ፣ ገብቼ አድሬያለሁ። በጎን ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተምሬ ዛሬ ነርስ ነኝ። ክፍል ውስጥ አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችው የኤልሳልቫዶር ሴት አያት ናት። ከኋላችን የ19 ዓመት ልጆች ነበሩ። ማንም ዕድሜዋን አይጠይቃትም። በመጀመሪያው ሳምንት እኔ ብቻ ነበርኩ ዞር እያልኩ የማያት። እኛ ዘንድ በዚያ ዕድሜ ደብተር የያዘች ሴት መንገድ ላይ ብትታይ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን አንድ ወረቀት ነው።

ኮሌጅ ጨርሰህ ነርስ ነኝ ለማለት ቦርድ የምንለውን የሥራ ፈቃድ ፈተና ማለፍ አለብህ። እ.ኤ.አ. በ2019 እኔ ስፈተን ጥያቄው ቢያንስ 75፣ ቢበዛ 265 ነበር። ስንተኛው ላይ እንደሚያበቃ አታውቅም። ኮምፒውተሩ እንደ አመላለስህ ጥያቄውን እያከበደ እያቀለለ ይሄድና ሲበቃው ይዘጋል። እኔ ላይ 75ኛው ላይ ተዘጋ። በዚያ ቁጥር ሲዘጋ ወይ በደንብ አልፈሃል፣ ወይ በደንብ ወድቀሃል። ወድቄ ነበር።

በዚያ ፈተና ለሚወድቅ ሰው ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ ትምህርቱን በስምንት ይከፍለዋል። በየክፍሉ ፊት ከሦስት ነገር አንዱ ተጽፏል፦ ከሚፈለገው በላይ፣ ለሚፈለገው የቀረበ፣ ከሚፈለገው በታች። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ የሥራ ልብሴን ሳላወልቅ አነበብኩት። ኢንፌክሽን መከላከል፣ በላይ። ሕሙማንን ማስተባበር፣ የቀረበ። መድኃኒት አሰጣጥ፣ በታች። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት ለራሴ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እኔ ለትምህርት አልሆንም»። ወረቀቱ ግን እንደዚያ አይልም። መድኃኒት አሰጣጥ ላይ ይቀርሃል ነው የሚለው። ከ45 ቀን በኋላ ደግሞ ተመዝግበህ መምጣት ትችላለህ። ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩትና በማግስቱ የመድኃኒት መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ።

አብሮ አደጌ ማትሪክ የተፈተነ ዕለት ይህ ወረቀት ቢኖረው ኖሮ እላለሁ። ሒሳብ ላይ የሚደርስበት አልነበረም። ሰሌዳ ላይ ውጤት ሲለጠፍ ሰው መሃል ቆሞ አየና በጓሮ በር ወደ ቤቱ ገባ። እንግሊዝኛው ነው የጣለው። በዚያን ጊዜም በግል ተመዝግቦ ድጋሚ መፈተን ይቻል ነበር። አልሞከረም። «ሰው ምን ይለኛል» አለ። አሁን ከሃምሳ ዓመት በላይ ነው፤ የራሱ ሱቅ አለው፤ ሦስት ልጅ አሳድጓል። ደሴ ሄጄ ስለ እሱ ሳነሳ ግን «ያ ማትሪክ የወደቀው?» ይሉኛል። አንድ ቀን የሆነ ነገር የሰውዬው ስም ሆኖ ቀረ።

ጽናት ጠፍቶብን አይደለም። እናቴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። የመጀመሪያዋ እንጀራ ተሰባብራ ስትወጣ አንድም ቀን አዝና አላየኋትም። «ማሟሻ ናት» ብላ ለእኛ ትሰጠንና ምጣዱን አሰስ አድርጋ ሁለተኛዋን ትጥላለች። ለሯጮቻችንም እንዲህ ነን። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አመጣች። በ1996 አትላንታ ላይ አራተኛ ወጣች። ከዚያ ወለደች። በ2000 ሲድኒ ላይ ተመልሳ ያንኑ ወርቅ ወሰደች። በ37 ዓመቷ ደግሞ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። «አትላንታ ላይ የተሸነፈችው ደራርቱ» ብሎ የሚጠራት ሰው አለ? የለም። ለሯጭ የምንሰጠውን ጊዜ ለገዛ ልጃችን እንነፍገዋለን። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

አሜሪካ ገነት ነው እያልኩ አይደለም። ቦርድ በተፈተንክ ቁጥር 200 ዶላር ትከፍላለህ፤ ለሲኤንኤ ያ ብዙ ሰዓት ነው። አገር ቤት ሐኪም የነበረ ሰው አብሮኝ ፓርኪንግ ሠርቷል። ፈተናውን ከልጆቹ የቤት ኪራይ ጋር ማስኬድ አቅቶት በዚያው የቀረ ነው። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

«በራስህ እመን» የሚሉ ንግግሮችንም ብዙ ሰምቻለሁ። አዳራሽ ሞልቶ ይጨበጨባል። ሰው ግን የት ላይ እንደወደቀ ካላወቀ በምኑ ይመን? እኔ በራሴ ያመንኩት የሚጎድለኝ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደምመለስ ሳውቅ ነው። ያኔም ቢሆን በሁለተኛው ፈተና ወደቅሁ። መድኃኒቱ ከ«በታች» ወደ «የቀረበ» ከፍ ብሎ ነበር። ያን አንድ ቃል እያየሁ ነው ሦስተኛውን ያጠናሁት።

መጋቢት ላይ የእህቴ ልጅ ስልክ አነሳ። ድምፁ ጠፍቷል። ለመቁረጫ ነጥቡ ተቃርበው ለቀሩት ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት መፈቀዱን፣ እሱም እንደደረሰው ነገረኝ። እሄዳለሁም አልሄድምም አላለኝም። «ለአንተ ቀላል ነው ጋሼ፣ አንተ ወድቀህ አታውቅም» አለኝ።

ዝም አልኩ። አልፈረድኩበትም፤ መውደቄን አያውቅም። ስወድቅ ለእህቴ «ፈተናው ተራዘመ» ብያታለሁ። ሁለቴም። ውቅያኖስ ተሻግሬ መጥቼ እንኳ የደሴን ቡና ጠጪ ፈርቼ ነበር።

«በሦስተኛው ነው ያለፍኩት» አልኩት።

«ምን?»

«ሁለቴ ወድቄ በሦስተኛው።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ፣ «የቱ ላይ ነበር የወደቅከው?» አለኝ።

ወረቀቶቹን ከመሳቢያ አውጥቼ ሁለቱንም ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። እሱም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የራሱን ውጤት ላከ፤ ፊዚክስ ላይ በጣቱ አክብቦበታል።