እምነት ማለት እንዲህ ነው!

እምነት ጎደለኝ የምትሉ፣ ጉባኤ ፍለጋ አትንከራተቱ። መሪውን የሚወድ አንድ ክርስቲያን ፈልጉና አጠገቡ ቁጭ በሉ።

ትዕግሥቱን ብቻ እዩልኝ። ለእግዚአብሔር ሦስት ቀን ይጾማል፤ በአራተኛው መልስ ካልመጣ ኩርፊያ ነው። ለመሪው ሲሆን ግን «ጊዜ ስጡት»። አምስት ዓመት አለፈ? ጊዜ ስጡት። ቃሉን አጠፈ? አማካሪዎቹ ናቸው ያሳሳቱት፣ እሱ ምን ያድርግ! ወንድሙን አንዴ ይቅር ማለት ያቃተው ሰው ለመሪው ሰባ ጊዜ ሰባቱን ጨርሶ ሁለተኛ ዙር ጀምሯል።

የመጽሐፍ ቅዱስ እውቀቱም አይታማም። የእሱ ሰው ሲሾም ሮሜ 13ን ይገልጣል፣ ሥልጣን ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው። የሚጠላው ሲሾም ራእይ 13፣ አውሬው ከባሕር ወጣ። ሳሙኤልን ግን እንዳትጠቅሱበት። ያ ሽማግሌ ሕዝቡ ንጉሥ አንግሥልን ሲለው ልጆቻችሁን ለሰረገላው ይወስዳል፣ ከእህላችሁም ዐሥራት ይወስዳል፣ በመጨረሻም ባሪያ ትሆኑታላችሁ እያለ የሰው ሞራል ይገድላል። ደግነቱ ማንም አልሰማውም፤ ከሕዝቡ ሁሉ ከትከሻው በላይ የሚረዝም ሳኦል የሚባል ጎረምሳ ተገኘና «ንጉሥ ሺህ ዓመት ይንገሥ» ተባለ። (ቁመና ያኔም ያስመርጥ ነበር።)

ደግሞ ይሄ ተራ ምእመን ብቻ የሚችለው ነገር አይምሰላችሁ። የቂሣርያው ጳጳስ አውሳብዮስ እ.ኤ.አ. በ336 የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ የነገሠበት 30ኛ ዓመት ሲከበር ተነሥቶ የንጉሡን መንግሥት የሰማዩ መንግሥት አምሳል አድርጎ አወደሰው። ንጉሡ የገዛ ልጁን ካስገደለ ያኔ ዐሥር ዓመት ሆኖታል፣ ግን በሰው በዓል ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ማን ያነሣል? ንጉሡም በዓመቱ ሞተ።

ወደ ወዳጃችን እንመለስና፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ «በአለቆች አትታመኑ» የሚል የመዝሙር ጥቅስ ነበረው። አሁንም አለው፤ የመሪው ፎቶ ሰፋ ስላለ ነው የማይታየው። ፎቶው ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ ሁለቴም «አታለለን» ብሎ አልቅሷል። ምስማሩን ግን አልነቀለም። ለቀጣዩ ያስፈልጋል።