ከመብራቱ በፊት ጉልቻው

ባለፈው ዓርብ ጠዋት የልጆቼ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ የተጨቃጨቅነው ስለ መብራት ቢል ነው። ቢሉ ጨምሯል፣ አልክድም። ከ2017 መጀመሪያ ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ነው፤ ለአራት ዓመት እንዲህ እንደሚቀጥልም ያኔውኑ ተነግሮናል። አንዱ ወላጅ ማራገቢያዎቹ ይጥፉ አለ። በአዳማ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ ልጆች ተጨናንቀው በተቀመጡበት ክፍል! ሌላው ሶላር ይተከል አለና ተጨበጨበለት። ካርቦንም እንቀንሳለን ብሎ ሲጨምርማ ጭብጨባው ደመቀ።

የእኔ ዓይን ግን መስኮቱ ላይ ነበር። ከማድቤቱ ጢሱ ይትጎለጎላል። ከጢሱ ባሻገር ደግሞ የነፋስ ተርባይኖቹ ኮረብታው ላይ ይሽከረከራሉ።

ሁለቱ የአዳማ የነፋስ ማመንጫዎች በድምሩ 136 ተርባይኖች አሏቸው፣ አቅማቸውም 204 ሜጋ ዋት ነው። የቀረው የአገሪቱ መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው የሚመጣው፣ ሕዳሴም በ2017 መጨረሻ ተመርቋል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ የሚበራው አምፖል የሚያመጣው ካርቦን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መብራት ማጥፋት ብር ይቆጥባል፣ ጥሩ ነው፤ አየሩን ግን ያን ያህል አይለውጠውም። ሶላሩም ያው ነው። ሶላር ካርቦን የሚቀንሰው መብራት ሲሄድ የሚነሳውን ጄኔሬተር ካስቀረ ነው፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃልና። እሱም ባትሪው እስኪሞት ድረስ ነው። ባትሪው ሲሞት ማን ይገዛል ብዬ ስጠይቅ አዳራሹ ጸጥ አለ።

ካርቦኑ ያለው ጉልቻው ስር ነው።

የተማሪዎች ምገባ በመጀመሩ ደስተኛ ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልበል። ባዶ ሆዱን መጥቶ ዴስክ ላይ የሚተኛ ልጅ ዛሬ በልቶ ይማራል። ግን ያ ሁሉ ቅንጬ፣ ሩዝና ንፍሮ የሚበስለው በርሜል በሚያክል ድስት፣ በሦስት ጉልቻ ላይ ነው። በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እንጨት ለድስቱ የሚደርሰው ሙቀት ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ነው፤ የቀረው ግድግዳውንና የአብሳዮቹን ፊት ያሞቃል። እናቶቹ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነው የሚያማስሉት። እንጨቱ በጋሪ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም እርጥብ ነው። እርጥብ እንጨት ደግሞ መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያተናል፣ ከዚያ በኋላ ነው የእኛን ድስት የሚያስበው።

ታዲያ በስብሰባው ለምን ማንም አላነሳውም? ቢል ስለሌለው ነዋ። መብራት በወር አንዴ ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ በቴሌብር ይከፈላል፣ ሁሉም ያየዋል። እንጨት ግን ዛሬ አንድ ጋሪ፣ ከነገ ወዲያ ግማሽ ጋሪ ነው፤ ሂሳቡም «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚባለው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ከጸሐፊዋ ጋር ቁጭ ብዬ የዓመቱን ደረሰኝ ልደምር ሞከርኩ። ግማሹ የለም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ወጡን አላውቅም፣ ወጪውን ግን ይለውጠዋል። ዙሪያው የተዘጋና የጢስ ማውጫ ያለው ምድጃ እዚሁ ከተማ ብረት የሚበይድ ሰው ይሠራዋል። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ እንኳ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ብዙዎቻችን ከቤታችን እናውቀዋለን። ጥራጥሬውም ከማታ ይዘፍዘፍ፤ ቤታችን ሁላችንም የምናደርገው ነገር ትምህርት ቤት ሲደርስ ለምን እንደሚረሳ አይገባኝም (መዘፍዘፊያ የለም አሉኝ፣ መዘፍዘፊያ!)። ድስቱ ክዳን ይኑረው። እንጨቱ ዝናብ የማይመታው ቦታ ይከመር። ለዚህ ሁሉ ፕሮጀክት ጽፎ ለጋሽ መጠበቅ አያስፈልግም።

ዋናው ግን ውሎ አድሮ ማድቤቱን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞር ነው። መብራት ይጠፋል ትሉኛላችሁ፤ ይጠፋል። ለዚያ ቀን የተሻሻለው የእንጨት ምድጃ ከጎን ይቀመጥ። መስመሩ አይችልም ካላችሁም ልክ ናችሁ፣ ያንን ሁሉ ድስት ለመሸከም ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ሊያስፈልግ ነው፣ ቢሉም ይጨምራል። ለሶላር ልናዋጣው የነበረው ብር ለመስመሩ ቢውል እመርጣለሁ። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ በከለከለ አገር፣ ኮረብታው ሥር ያለ ትምህርት ቤት በጋሪ እንጨት ቁርስ ሲያበስል ትንሽ አያሳፍርም?

ቢሉንም አልረሳሁትም። በ20 ክፍል ውስጥ አራት አራት ባለ 40 ዋት ፍሎረሰንት አለ እንበል፤ ጥበቃው ረስቶት 12 ሰዓት ሲበራ ቢያድር በአንድ ሌሊት ከ38 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ሲቃጠሉ በ18 ዋት ኤልኢዲ እየተኩ መሄድ ነው፣ ሌላ ፍልስፍና የለውም። ማራገቢያውን ግን አትንኩብን፤ መጀመሪያ ኮርኒስ ይሠራ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዣለሁ፤ ቢሉ ከሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ የማድቤቱም ደረሰኝ ይለጠፍ የሚል። ጸሐፊዋ በምን ርዕስ ልመዝግበው ስትለኝ «እንጨት» አልኳት። «ልዩ ልዩ» ብላ ጀምራ ነበር፣ ሰረዘችው።