አሥራ አንዱ አንደኞች

የልጄ ክፍል ውስጥ በግማሽ ዓመቱ አንደኛ የወጡት አሥራ አንድ ልጆች ናቸው። ክፍሉ ሠላሳ ስምንት ልጅ ይዟል። ለአሥራ አንዱም ካርዳቸው ላይ በቀይ እስክሪብቶ "1ኛ" ተብሎ ተጽፎላቸዋል። የአሥራ አንዱም ወላጆች ካርዱን ፎቶ አንስተው ፌስቡክ ላይ ለጥፈዋል። "ልጄ ከክፍሉ አንደኛ ወጣልኝ፣ ክብሩን እሱ ይውሰድ" የሚል ጽሑፍ በአንድ ምሽት አሥራ አንድ ጊዜ አየሁ። አሥራ አንዱንም ላይክ አደረግሁ። ማንን ከማን ላበላልጥ?

የኔዋ ሁለተኛ ናት። በድሮው ቆጠራ ከአሥራ አንድ አንደኞች ቀጥሎ ያለ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ይባል ነበር። እዚህ ግን ሁለተኛ ነው። ልጅቷ ከዴስኳ ሳትነሳ አሥር ደረጃ ዘለለች። ማኔጅመንት ኢኖቬሽን የሚሉት ነገር የገባኝ ያን ቀን ነው።

እኔ በተማርኩበት ዘመን እንዲህ ያለ አስተዳደር የት ተገኝቶ! ከሰባ ሁለት ልጅ አርባ አንደኛ ወጥቼ አውቃለሁ። አባቴ ካርዱን አገላብጦ አየና "ለካ ከኋላህም ሰው አለ" አለኝ። ቤተሰባችን ተወዳዳሪነትን የተረዳው በዚህ መጠን ነበር።

ልጄ የምትማረው እዚሁ ሀዋሳ፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ነፃ ማስታወቂያ ይሆናል። በሩ ላይ ሁለት ዘንባባ አለ። በሁለቱ መካከል ባነር ተወጥሯል፦ "በኢኖቬቲቭ ማኔጅመንት ተወዳዳሪ ትውልድ እናፈራለን! ጥራት ያለው ትምርት መለያችን ነው!" ከሥሩ ጋዋን የለበሰ ሕፃን ግሎብ ታቅፎ ይስቃል። ባነሩ የአንድ ክፍል ግድግዳ ያህላል። ቤተ መጻሕፍቱ ከባነሩ ያንሳል። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም። ባነሩን አስፋልት ማዶ ያለ ሰው ሁሉ ያየዋል። ቤተ መጻሕፍቱን ማን ያየዋል? ቁልፉ እንኳ ያለው ገንዘብ ያዥዋ ጋ ነው።

በዚህ በኩል ከተማችን አትታማም። ከአቶቴ እስከ ፒያሳ ባጃጅ ላይ ሆናችሁ ብትቆጥሩ "ኢንተርናሽናል" ያልሆነ ትምህርት ቤት ለማግኘት ዓይን ይደክማል። አንዱ አጥሩ ላይ የስድስት አገር ባንዲራ አሥሏል። ተማሪዎቹ ከታቦር ተራራ ወዲህና ወዲያ ናቸው። የኬጂ ምርቃቱንማ ተዉት። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጋዋን ለብሶ፣ ቆብ ወርውሮ፣ አዳራሹ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት በእናቱ ትከሻ ይመለሳል። ሦስተኛ ዲግሪ ሲይዝ ምን ሊቀረው ነው?

ታዲያ ይህን ጥበብ የግሎቹ ብቻ ያመጡት እንዳይመስላችሁ። የመንግሥቶቹ ቀድመው ጀምረውታል። ጎረቤቴ ጋሼ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ አስተምረዋል። ያላለፈባቸው ለውጥ የለም።

መጀመሪያ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣ። የቢሮ ግድግዳዎች ፈረሱ፣ መስታወት ገባ። ጋሼ ላቦራቶሪው ድረስ ይመጣል ብለው ጠበቁ። አልደረሰም፤ ጽሕፈት ቤቱ ጋ ሲደርስ በጀት አለቀ።

ቀጥሎ ቢኤስሲ መጣ። ካፕላንና ኖርተን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1992 ለኩባንያዎች ያወጡት መመዘኛ ነው። አራት ዕይታዎች አሉት። ፋይናንስ አለ፣ ተገልጋይ አለ፣ የውስጥ አሠራር አለ። አራተኛው "መማማርና ዕድገት" ይባላል። እንግዲህ ቅጹ ትምህርት ቤት ሲገባም መማማር አራተኛ ሆኖ ገባ። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ። "ቢያንስ ከዝርዝሩ አልወጣም" ይላሉ።

ከዚያ አንድ ለአምስት መጣ። አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስቱን ይመራል፣ ስድስቱ አብረው ያድጋሉ። ውጤቱን ለመካድ የሚደፍር ካለ የፈተና ዕለት ይምጣ። ስድስቱም አንድ መልስ፣ ስድስቱም አንድ ስህተት። አንዱማ ከመልሱ ጋር የጎበዙን ስም ጭምር ገልብጦ አስረክቧል። ከዚህ የበለጠ ኔትወርክ ከየት ይመጣል?

እኔን ግን ልቤን የሚነካኝ ካይዘን የሚባለው፣ ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ ነው። ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ከተቋቋመ ወዲህ ጃፓን ያልገባችበት መሥሪያ ቤት የለም። የጋሼም ትምህርት ቤት አምስቱን "ማ"ዎች ተቀበለ። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያለ ይቀጥላል። አንድ ቀን ሄጄ አየሁ። የዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የመጥረጊያ፣ የመዶሻና የመቀስ ቅርጽ በሰማያዊ ቀለም ተሥሏል። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቦታ አለው ማለት ነው። መዶሻው ቦታው ላይ ተሰቅሏል። መቀሱም አለ። መጥረጊያው የለም። ካለቀ ሁለት ዓመቱ ነው። ሥዕሉ ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይቀባል። ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ሥዕሉን አይቶ ራይት ያደርጋል። ለምን አያደርግ? ቅጹ የሚጠይቀው "የመጥረጊያ ቦታ ተለይቷል ወይ?" ብሎ ነው። ተለይቷል።

ጠመኔውም የራሱ ቦታ አለው። ሣጥን ውስጥ፣ ሣጥኑ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ቁም ሣጥኑ ምክትሉ ቢሮ ውስጥ። ምክትሉ ስብሰባ ላይ።

በቶዮታ ፋብሪካ አንድ ተራ ሠራተኛ ጉድለት ካየ ገመድ ስቦ ሥራውን ማስቆም ይችላል ይባላል። ካይዘንን ካይዘን ያደረገው አንዱ ነገር ይኸው ገመድ ነው። ጋሼ ስልጠና ላይ ይህን ሰምተው አመኑ። በሚቀጥለው ስብሰባ እጃቸውን አወጡና "ዘጠነኛ ክፍል ገብተው ማንበብ የማይችሉ ልጆች አሉን" አሉ። ገመዱን ሳቡት። የቆመው የሳቸው የደረጃ ዕድገት ነው።

ወደኔው ልመለስ። ባለፈው ዓመት የልጄ ትምህርት ቤት "የጥራት ማሻሻያ" በሚል ርዕስ ከያንዳንዳችን ገንዘብ ሰበሰበ። ጥያቄ ያነሳ ወላጅ ነበር፤ "ጥራት አትፈልጉም?" ሲባል ተቀመጠ። በገንዘቡ ዳይሬክተሩና አምስት ሰዎች ለልምድ ልውውጥ አዳማ ሄዱ። ከሀይቅ ዳር ተነስተው፣ በሻሸመኔ አልፈው፣ ዝዋይ ላይ ቆመው አሳ በሉ። እዚያው አሳ ቤት ውስጥ አንድ የትምህርት ቤት ሚኒባስ ሙሉ ሰው አገኙ። ከአዳማ የመጡ ናቸው። ወዴት ናችሁ ቢሏቸው፣ ለልምድ ልውውጥ ሀዋሳ አሉ። ይህን የነገረኝ የሰርቪሱ ሹፌር ነው። ልምዱን እዚያው ዝዋይ ተለዋውጠው ቢመለሱ ነዳጅ ይተርፍ ነበር። ግን አበሉ የሚታሰበው በአዳር ነው።

ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። አንደኛ፣ ባነሩን አመጡ። ሁለተኛ፣ የጣት አሻራ መፈረሚያ አመጡ። አሁን መምህራን ጠዋት ሲገቡ በጣታቸው ይፈርማሉ። ከዚያ ወዲህ የሚቀር ጣት የለም። የሒሳብ መምህሩ ብቻ በጥር ወር ጣቱን ይዞ ወደሚሻለው ሄደ። የአሁኑ ከመስከረም ወዲህ ሦስተኛው ነው። ልጄ የመጀመሪያውን "ቲቸር ረጅሙ"፣ ሁለተኛውን "ቲቸር ሳቂታው" ትላቸዋለች። የአሁኑን ገና ስም አላወጣችለትም። "ይቆያል ወይ?" ብላ ትጠይቀኛለች። ዳይሬክተሩን ጠየቅሁ። "የሰው ኃይላችን ተለዋዋጭ ነው" አለኝ በኩራት።

ትልቁ ኢኖቬሽን ግን ቴሌግራም ላይ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልካችን ይጮኻል። የቤት ሥራ መጣ። ልጅቷ ተኝታለች። ሥራው ለነገ ነው። ስለዚህ ባለቤቴ ሒሳቡን ትይዛለች፣ እኔ ሳይንሱን እይዛለሁ። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ከአሥር ስምንት አገኘች። እኔ ስድስት። የፎቶሲንተሲስን ሥዕል ቀለም ባለመቀባቴ ሁለት ነጥብ ተቀነሰብኝ። "ይበልጥ መሥራት ይጠበቅብሃል" የሚል ጽሑፍ ከሥሩ አለ። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ።

እስቲ አስቡት። የዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች ሥራቸውን ርካሽ ጉልበት ወዳለበት አገር ይወስዳሉ። የእኛ ትምህርት ቤት ከዚያም በለጠ። ሥራውን ለደንበኛው ሰጠ፣ ደንበኛውን አስከፈለ፣ ከዚያ ደንበኛውን አርሞ ስድስት ሰጠው። እዚህ ኢንዱስትሪ ፓርካችን ውስጥ ያሉት ልብስ ሰፊዎች እንኳ ይህን አላሰቡትም፤ ሸሚዙን የሚገዛው ሰው ራሱ እንዲሰፋው አልጠየቁም።

በቀደም የወላጅ ስብሰባ ነበር። አጀንዳው የክፍያ ማሻሻያ ነው። ማሻሻያ ማለት ጭማሪ ነው፤ ቀንሶ የተሻሻለ ክፍያ ገና አልገጠመኝም። ዳይሬክተሩ በፓወር ፖይንት ራዕይ አሳየን፣ ተልዕኮ አሳየን፣ ዕሴት አሳየን። ወደ ላይ የሚወጣ ቀስት አሳየን። ቀስቱ የምን እንደሆነ አልተጻፈበትም፤ አወጣጡ ግን ደስ ይላል።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። የልጅ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ የመጡ ናቸው። "ልጄ" አሉት ዳይሬክተሩን፣ "እኔ ዜና እሰማለሁ። በ2014 አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተፈተኑት ግማሽ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው አሉ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ። ያኔ አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ናቸው ተባለ። በ2016 5.4 ሆነ፣ በ2017 ደግሞ 8.4። ከመቶ ልጅ ዘጠና ምናምኑ የት ነው የሚወድቀው? እናንተ ጋ ነው ወይስ ሌላ ጋ?"

አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ዳይሬክተሩ ግን አልደነገጠም። ውሃ ተጎነጨና "አባቴ፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው" አለ። "እኛ ግን እስከ ስምንተኛ ክፍል ነን።"

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እውነቱን ነው፤ ስትራቴጂ ማለት ይኸው ነው። ፈተናው ከመምጣቱ በፊት ከመንገዱ መውጣት። በ2002 ሲዳሙ አፎን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶዎቹ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም። እነዚያን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዎች የወሰዱት ከነዚህ ልጆች ጥቂት ዓመት ዘግይተው ትምህርት የጀመሩት ናቸው። ይህን ስብሰባው ላይ ላነሳ ፈልጌ ነበር። ግን ጭማሪው በጭብጨባ ጸድቆ ሻይና ብስኩት እየታደለ ነበር። የሽማግሌው ብስኩት ሳይደርሳቸው አለቀ።

ስንወጣ ልጄ ግቢ ውስጥ ትጠብቀኝ ነበር። በር ላይ ባጃጅ ያዝን። ሹፌሩ ሌላ ሰው እስኪሞላ አልሄድም አለ። ልጄ ፊት ለፊት ያለውን ባነር ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛ ትውጣ እንጂ ንባብ ላይ ቀስ ነው የምትለው። እያንዳንዷን ፊደል በጣቷ አየሩ ላይ እየነካች ነው የምታነበው። እኔ ያንን ባነር ሁለት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ አልፌበታለሁ።

"ጥ-ራ-ት… ያ-ለ-ው…" አለች። "ት-ም-ር-ት…"

ቆመች። ተመለሰችና ደገመችው።

"አባዬ፣ 'ህ'ዋ የታለች?"

ቀና ብዬ አየሁ። እውነትም የለችም።

"ለልምድ ልውውጥ ሄዳ ነው" አልኳት።

የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ አየኝና ሞተሩን አስነሳ። "አትስጊ ማሙሽዬ" አላት፣ "አበሏ ሲያልቅ ትመለሳለች።"

"ማሙሽ ወንድ ነው" አለችው ልጄ።