ቁልቋልም ተክል ነው

ሰሞኑን በአንድ የጤና ፕሮግራም ላይ የቀረቡ እንግዳ፣ ሐምሌና ነሐሴን ሳይታመሙ ለማለፍ የቻይናውያኑን ሳንፉ ፕላስተር (በሙቀት ወቅት የሚለጠፍ የባህል መድኃኒት) ጀርባ ላይ ለጥፎ ማደር ነው ብለው መከሩ። «ከዕፅዋት የተሠራ ስለሆነ ጉዳት የለውም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ተቀብሎታል» አሉ። አዘጋጁ አመስግኖ ሸኛቸው።

ከዕፅዋት ስለተሠራ? ቁልቋልም ተክል ነው፤ ወተቱን ዓይኑ ላይ የሚያንጠባጥብ ግን የለም። ነገሩን ከሩቅ አላመጣሁትም። በተለመደው ፕላስተር ውስጥ ከሚገቡት አራት መድኃኒቶች አንዱ፣ ጋንስዊ የሚባለው ሥር፣ የቁልቋል ዘመድ ነው። ሌላው ሰናፍጭ ነው፤ ተፈጭቶ በዝንጅብል ጭማቂ ሲለወስ ቆዳ የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ይለቃል። የሚፈለገውም ማቃጠሉ ነው። ስለዚህ ቻይና ውስጥ ባለሙያው ሰዓት ይይዛል፦ ለአዋቂ ከ2 እስከ 6 ሰዓት፣ ለልጅ ከግማሽ እስከ 2 ሰዓት፤ ከበረታም ቀድሞ ይነሣል። ለጥፎ ያደረ ሰው ጠዋት የሚያገኘው ውኃ የቋጠረ ጀርባ ነው፤ ሲፈርጥ ይመረቅዛል። ነፍሰ ጡር፣ ትኩሳት ያለበት፣ ቆዳው የቆሰለ ሰው ጭራሽ አይለጥፍም። ሦስተኛው ሺሺን የሚባል ዕፅ ነው፤ ቅጠሉ ኩላሊት የሚያበላሸውንና ካንሰር የሚያመጣውን አሪስቶሎኪክ አሲድ ስለሚይዝ ቻይና ራሷ እ.ኤ.አ. በ2005 ቅጠሉን ትታ ሥሩን ብቻ ፈቅዳለች። «የሚለጠፍ እንጂ የሚዋጥ አይደለም» ይባል ይሆናል። ይሁን፤ ፓኬቱ ውስጥ ሥሩ ይሁን ቅጠሉ ማን አየ?

ከሁሉ የሚያናድደው ግን ወቅቱ ነው። ሳንፉ ማለት ከሰኔው ረጅም ቀን ተነሥቶ የሚቆጠር፣ የዓመቱ እጅግ ሞቃት 30 ወይም 40 ቀን ነው። ሐሳቡም ሰውነት በሙቀት በተከፈተበት ጊዜ ሳንባን አሙቆ፣ በብርዱ ወራት የሚነሣውን አስምና ሳል አስቀድሞ መያዝ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ይውላል። ያኔ ቤጂንግ በላብ ትጠመቃለች፤ አዲስ አበባ ጋቢ ተከናንባ በረዶ ጣሪያዋን ሲደበድበው ታዳምጣለች። በሕክምናው በራሱ አመክንዮ እዚህ ፕላስተር የሚለጠፍ ከሆነ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነበር። ሐምሌ ላይ ጀርባን ገልጦ ለብርድ መስጠት የቻይና ሐኪም የሚቆጣበት ነገር ነው! ሳንፉ የሚሰላባቸው፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2016 የመዘገባቸው 24ቱ የቻይና ዓመት የወቅት ክፍሎች የቢጫ ወንዝ ተፋሰስ ፀሐይና ዝናብ እየታየ የተቀመሩ ናቸው፤ እንጦጦን አይተው የቀመሯቸው አይደሉም። የአካባቢህን አየር ተከተል የሚልን ሕክምና መስኮት ከፍቶ ሳያዩ መስበክ ሕክምናውን አለማወቅ ነው፤ ወይም አውቆ መሸጥ።

የዓለም ጤና ድርጅት ነገርማ ይቅር። እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች መመደቢያ የባህል ሕክምና ምዕራፍ መግባቱ እውነት ነው፤ ድርጅቱ ግን ምዕራፉ ለመዝገብና ለቆጠራ እንጂ ለፈዋሽነት ማረጋገጫ እንዳልሆነ ተናግሯል።

በጥቅምትና በኅዳር ደረቅ አየር ጉሮሮው የሻከረ ሰው እንደ ቻይናውያኑ ፒር በስኳር ቀቅሎ ይጠጣ፤ የስኳር ሕመምተኛ ካልሆነ ማንም አይከለክለውም። ፕላስተር ሻጮች ግን አራቱንም መድኃኒቶች በአማርኛ፣ የሚቆይበትን ሰዓት በቁጥር ፓኬቱ ላይ ይጻፉ። አንጽፍም የሚሉ ከመደርደሪያ ያውርዱት።