ለ«የራሴ ሥራ» ጌቶች እጅ ነሣሁ

ሰው ዝም ብሎ ያማቸዋል። እኔ ግን ያላነሱትን ፎቶ ዊኪሚዲያ ኮመንስ (ማንም በነጻ የሚጠቀምባቸው ፎቶዎች የሚከማቹበት ድረ ገጽ) ላይ «የራሴ ሥራ» ብለው ለሚጭኑ ወዳጆቼ ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም።

እንደነሱ ያለ ሁለገብ ፎቶ አንሺ ከየት ይመጣል? አንዱ በአንድ ከሰዓት ብቻ ከጠፈር የተነሳች ምድር፣ ባሕር ውስጥ የሚዋኝ ሻርክና በ1930ዎቹ የተነሳ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ ጫነ። ሦስቱም «የራሴ ሥራ»። ያኔ አባቱም አልተወለዱም። ተሰጥኦ ግን ልደትን አይጠብቅም።

ትጋቱንስ ብታዩ! የሽማግሌው ፎቶ ግርጌ ላይ የስቱዲዮው ስም ነበር። ቆረጠው። የሽማግሌው እግርም አብሮ ሄደ። የሻርኩ ላይ ያለው ስም ግን መሀል ስለተቀመጠ 40 ደቂቃ ሙሉ ሲያደበዝዝ ቆየ። ጠጋ ብሎ ላየው አሁንም ክንፉ ላይ ግማሽ ፊደል አለች።

ይህ እንግዲህ የባለቤቱን ስም ለመጻፍ ጊዜ ያጣ ሰው ነው። አይፈረድበትም። ባለቤቱ ሥራዬን ተጠቀሙበት ብሎ የሚሰጠው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ እኮ ከባድ ነው! የፎቶ አንሺውን ስም ጻፍ፣ የፈቃዱን ሊንክ አስቀምጥ፣ የቀየርከው ነገር ካለ ተናገር ይላል። ሁለት መስመር ሙሉ!

ሕግም ያውቃል። «ክብ ውስጥ ያለችው ሲ፣ የቅጂ መብት ምልክቷ፣ የለችበትም፣ ስለዚህ የማንም አይደለም» ብሎ አስረድቶኛል። የበርን ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል መብቱ ያለ ምልክትና ያለ ምዝገባ የሠሪው ነው ይላል። ግን ስምምነቱ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው፤ ወሬው ገና አልደረሰውም መሰለኝ።

ትሑቶቹን ደግሞ አንርሳ። እነሱ «የራሴ» አይሉም፣ «ምንጭ፦ ጉግል» ይላሉ። መጽሐፉን ማን ጻፈው ሲባሉ «መደርደሪያው» እንደማለት። (ጉግል መቼም የማያነሳው ፎቶ የለም፤ ሰርግም ይጠሩት።)

ትናንት የወዳጄ ሻርክ ላይ «ይሰረዝ» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ተሰረዘም። ምቀኛ መቼ ይጠፋል! እሱ ግን እልኸኛ ነው፤ ማታውኑ «ሻርክ ፋይናል 2» ብሎ መልሶ ጫነው። ስህተቱንም አርሟል። «ምንጭ፦ ፌስቡክ» ይላል።