እንግሊዝኛ ቀላል ነው አሉ!

እዚህ አሜሪካ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እንግሊዝኛ ዓለምን ያዳረሰው ቀላል ስለሆነ ነው» አለኝ። ልብ በሉ፣ ሰውየው ከእንግሊዝኛ ሌላ አንድም ቋንቋ አይችልም። ታዲያ በምን ለካው?

እሺ፣ አጀማመሩ አይከብድም። እንደ ጀርመንኛ ጠረጴዛን ወንድ፣ መብራትን ሴት፣ ልጃገረዷን ደግሞ «ከሁለቱም አይደለችም» አይልም። ግሱም እንደኛ «ሄድኩ፣ ሄድሽ፣ ሄዳችሁ» እያለ አያሯሩጥም። ጉዱ የሚመጣው ማንበብና መጻፍ ላይ ነው።

«ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች» የሚባሉ አራት ፊደላት ተከታትለው ሲመጡ አንዱ ቃል ላይ «ኦው» ናቸው፣ ሌላው ላይ «ኡ»፣ ሌላው ላይ «አፍ»፣ ሌላው ላይ ደግሞ «ኦፍ»። ዊሊያም ካክስተን በፈረንጆቹ 1476 እንግሊዝ አገር ማተሚያ ካስገባ በኋላ አጻጻፉ ቀስ በቀስ ረጋ፤ የሰዉ አነጋገር ግን መለወጡን ቀጠለ። እኛ ዛሬ የምንጽፈው የጥንት ሰዎችን አፍ ነው። «ዕዳ» በሚለው ቃላቸው ውስጥ ያለችውን «ቢ» ደግሞ ማንም አይጠራትም። ምሁራን ላቲን ይምሰል ብለው የሰነቀሯት ናት። አሁን ይሄ ምን ይባላል?

ለዚህም ነው እዚህ አገር ቃል በትክክል መጻፍ ብሔራዊ ውድድር የሆነው፣ ያውም ከ1925 ጀምሮ። ልጁ ማይክ ፊት ቆሞ ዳኛውን «ቃሉ ከየት ቋንቋ ነው የመጣው?» ብሎ ይጠይቃል። ከፈረንሳይኛ ከሆነ በአንድ መንገድ ይጻፋል፣ ከግሪክ ከሆነ በሌላ። ልጁ ያስባል፣ ወላጅ ላብ ያጠምቀዋል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል። አፉን በፈታበት ቋንቋ መጻፍ ስለቻለ ዋንጫ! የኛ ልጅ ፊደሉን ከለየ ያየውን ያነባል። (ሀ፣ ሐ፣ ኀ እያላችሁ እንዳትመጡብኝ። የሚጠብቀውንና የሚላላውንም አላነሳሁም።)

ቀላል ከተባለ ኢንዶኔዥኛ አለላችሁ። ግሱ በጊዜ አይለዋወጥም፣ ዕቃን በጾታ አይከፍልም። በ1928 ወጣቶቻቸው የአንድነት ቋንቋ ሲመርጡ እንኳ ብዙ ሕዝብ የሚናገረውን ጃቫንኛ ትተው የነጋዴ መግባቢያ የነበረውን ማላይኛ ያዙ። ኤስፔራንቶ የሚባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋማ በ1887 የወጣው ለዚሁ ተብሎ ነው፤ ከሕግ ያፈነገጠ ግስ የለውም። ግን መርከብና ጦር፣ በኋላም ኮምፒውተር ይዞ የሚዞርለት አላገኘም።

ደግሞስ ቀላል ለማን ነው? የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ለዲፕሎማቶቹ ማሠልጠኛ ባወጣው ዝርዝር አማርኛ 44፣ ዐረብኛ 88 ሳምንት ተመድቦላቸዋል። ይህ እንግሊዝኛ ተናጋሪን ይዞ የተሠራ ሒሳብ ነው። የኛ ሰው በዐረብኛ «ከተበ፣ ኪታብ፣ መክተብ» (ጻፈ፣ መጽሐፍ፣ ቢሮ) ሲባል አይደነግጥም፤ ከሦስት ፊደል ቃል ማርባት ለምዶታል። ቻይናዊም የጃፓንኛ ጽሑፍ ሲያይ ብዙውን ምልክት ያውቀዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያበግነኝ ግን ስልክ የሚያነሳው ማሽን ነው። «የስ» እለዋለሁ፣ «ይቅርታ፣ አልገባኝም» ይለኛል። ደግሜ «የስ»፣ ደግሞ «ይቅርታ»። ለዓመታት የተማርኩት ቋንቋ አንዲት «አዎ» ማስተላለፍ አቃተው! አሁንማ ገና ሰላም ሳይለኝ ዜሮን እየደጋገምኩ እጫንና ሰው እስኪመጣ እጠብቃለሁ።